ኤክስቴንሽን ላይ ኤክስቴንሽን

መብራት ሲኖር እንጽፋለን፣ ኔትወርክ ሲኖር እንለጥፋለን፣ ሁለቱም ሲጠፉ ፒያሳ ቁጭ ብለን እንከራከራለን። የዛሬው ጽሑፍ የክርክሩ ውጤት ነው። ትንሽ ቢያቃጥል ይቅርታ።

የጎንደርን ፒያሳ የሚያውቅ ሰው «ፎቶ ኮፒ፣ ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን» የሚል የተለጠፈባቸውን ጠባብ ቤቶች ያውቃል። ግድግዳው ላይ አንድ ሶኬት አለ። ከሶኬቱ አንድ ኤክስቴንሽን ይወጣል፤ ከእሱ ላይ ሌላ ኤክስቴንሽን፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ሌላ። ኮፒ ማሽኑም፣ ኮምፒውተሩም፣ ፕሪንተሩም፣ የደንበኛው ሞባይልም እዚያው ላይ ተሰክቷል። አንዱ ሰው እግሩን ሲዘረጋ ሁሉም ድርግም ይላል። «ማነው የነካው?!» ትላለች ልጅቷ። ሴቭ ያልተደረገው ማመልከቻ ግን አይመለስም።

እኛ አገር ኤክስቴንሽን ብዙ ዓይነት ነው። የማታ ተማሪው «ኤክስቴንሽን ነኝ» ይላል። ዳባትና ደባርቅ ያለ ገበሬ ኤክስቴንሽን ሲባል ትዝ የሚለው የግብርና ባለሙያው ነው። የዛሬው ጠባችን ከነዚህ ከማናቸውም ጋር አይደለም። ብራውዘራችን፣ ኢሜይላችንና መጻፊያችን ላይ እየለጠፍን የምንኖርበት ኤክስቴንሽን አለ፤ «ቅጥያ» እንበለው። ከቅጥያው ከራሱም ይልቅ የተጣላነው «ቅጥያ አለው እኮ! ምን ችግር አለው?» ከሚለው መልስ ጋር ነው።

ችግር አለው። ወደ ገደለው እንግባ።

አዲሱ ላፕቶፕ

አንድ ልጅ ላፕቶፕ ገዛ እንበል። ብራውዘር አለው፣ ኢሜይል አለው፣ መጻፊያ አለው። ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ሥራ ይጀምር ነበር። የእኛ ልጅ ግን ገና ሊጀምር ነው። መጀመሪያ የአማርኛ መጻፊያ ይፈልጋል። ቀጥሎ ፎንት። ቀጥሎ መስሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ላይ የሚጻፈውን ቀን የሚቀይርለት የካሌንደር መቀየሪያ። ቀጥሎ የፊደል ግድፈት የሚያይለት ነገር ይፈልጋል፤ ይህኛውን ብዙውን ጊዜ ሳያገኝ ይተወዋል። አራት ጉድለት፣ አራት ልጥፍ። ልጁ እስካሁን አንድ መስመር አልጻፈም።

«ዛሬ እኮ ዊንዶውስ ውስጥ የአማርኛ ኪቦርድ አብሮ ይመጣል» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው። ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ2007 መጥቷል። ግን ያንን ኪቦርድ ከተደበቀበት ሴቲንግ አውጥቶ የሚጠቀም ስንት ሰው ታውቃላችሁ? እኛ የምናውቃቸው የጽሕፈት ቤት ልጆች ዛሬም በፍላሽ የተቀበሉትን ፕሮግራም ነው የሚጭኑት። ከጎንደር ወደ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ የሚወጣ መምህር በቦርሳው ከሚይዛቸው ነገሮች አንዱ ያ ፍላሽ ነው። ፈተና የሚያዘጋጅበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ይኑር አይኑር እርግጠኛ አይደለማ! ፍላሹ ውስጥ አማርኛውም አለ፣ ቫይረሱም አለ። ሁለቱ አብረው ነው የሚጓዙት።

(በነገራችን ላይ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስለ አማርኛ ኮምፒውተር እየጻፍን በፈረንጅ ቀን መቁጠራችን ራሱ የነገሩ አካል ነው። አፍረናል፤ እንቀጥል።)

የሌላ አገር ሰዎች ምን ደረሰባቸው?

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኔትስኬፕ በ1998 የብራውዘሩን ኮድ ለዓለም ሲከፍት ሞዚላ ተወለደ። በ2002 የወጣው ሞዚላ 1.0 ሁሉን በአንድ የያዘ ጥቅል ነበር፦ ብራውዘሩ፣ ኢሜይሉ፣ የአድራሻ መዝገቡ፣ ድረ ገጽ መሥሪያው አንድ ላይ። ከዚያ «ይህ ነገር ከበደ፤ ትንሽ ብራውዘር እንሥራ፣ ሌላውን የፈለገ ሰው በኤክስቴንሽን ይጨምርበት» የሚል ሐሳብ መጣ። በ2004 ፋየርፎክስ 1.0 ወጣ፤ ዓለም ወደደው፤ እኛም ወደድነው። ትልቁ ጥቅል በ2005 ተተወ። ፈቃደኞች አንስተው ሲሞንኪ ብለው ሰየሙትና የመጀመሪያውን እትም በ2006 አወጡ።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ግን መጨረሻውን ተመልከቱ። በኖቬምበር 2017 ፋየርፎክስ 57 ሲወጣ የድሮዎቹ ኤክስቴንሽኖች በሙሉ መሥራት አቆሙ። ባለቤቱ እንደ አዲስ የጻፈው ተረፈ፤ ባለቤቱ የሰለቸው ወይም ሌላ ሥራ የያዘው አብሮ ተቀበረ። በሜይ 2019 ደግሞ አንድ የማረጋገጫ ፊርማ ጊዜው በማለፉ ብቻ በዓለም ዙሪያ የፋየርፎክስ ኤክስቴንሽኖች በአንድ ሌሊት ጠፉ። ተጠቃሚው አልነካም፣ የኤክስቴንሽኑ ሠሪም አልነካም፤ ከላይ አንድ ሰው እግሩን ዘረጋ፣ ሁሉም ድርግም አለ። ክሮምም በተራው በ2024 እና በ2025 በድሮው ሕግ የተሠሩ ኤክስቴንሽኖችን አውጥቶ ጣለ። የፒያሳው ሶኬት ትዝ አላችሁ?

ለአንድ አሜሪካዊ ይህ ነገር ቢበዛ ማስታወቂያ ማገጃውን ማጣት ነው። ይናደዳል፣ ያማርራል፣ ሌላ ይፈልጋል። ቅጥያው የሰጠው ነገር ፊደሉ ለሆነ ሰው ግን ቅጥያው ጠፋ ማለት አፉ ተዘጋ ማለት ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ነገርም ይኸው ነው። በርበሬ ጨምሩበት ማለትና እንጀራውን ራሳችሁ ይዛችሁ ኑ ማለት አንድ አይደለም።

ባለውለታዎቻችን

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ቅጥያ የሠሩልንን ሰዎች እየሰደብን አይደለም። በ1980ዎቹ ፊደላችንን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገቡት እነ ዶክተር አበራ ሞላና ፍስሐ አጥላው፣ ከዚያም በኋላ ለፊደላችን የኮምፒውተር ሥርዓት የደከሙት እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ይህን የምታነቡት በላቲን ፊደል ነበር። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የመስሪያ ቤቶቻችንን ደብዳቤ ለዓመታት ተሸክመዋል። ኪይማን የሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ዛሬ በነጻ ይገኛል። ውለታቸውን አንረሳም።

ግን አስቡት። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል ከዓለም ፊደላት ጋር አሰልፎ መዝግቦታል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የላቲን ፊደል መቀመጫ ላይ የራሱን ፎንት እያለበሰ ነበር የሚሠራው። ሌላ ምርጫ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ምርጫ ነበረ። እኛ ለዓመታት በድሮው ቀጠልን። ለምን? ልማድ ነዋ! «ይሠራል እኮ» ስለተባለ።

ይሠራል፤ እስኪከፈት ድረስ። ከመካከላችን የአንዱ አባት ከዳባት ወዲያ የመሬት ክርክር ነበራቸው። ከብዙ ዓመት በፊት ያስጻፉት ባለ ሦስት ገጽ ማመልከቻ በሲዲ ተቀምጧል፤ አባት ሲዲውን ከጋቢያቸው አስበልጠው ነው የያዙት። ጉዳዩ እንደገና ሲነሳ ልጅ ሲዲውን ከፈተ። ፋይሉ አለ። ገጹም ሦስት ነው። ፊደሉ ግን የላቲን ሆህያት፣ የጥያቄ ምልክትና የብር ምልክት ድብልቅ ሆኗል። የተጻፈበት ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ የለም፤ የትኛው እንደነበረም የሚያስታውስ የለም። አባት ስክሪኑን አይተው ምን አሉ? «አስማት ነው እንዴ የጻፉልኝ?» ወረቀቱ ተፈልጎ ተገኘ፤ አንደኛው ገጽ ደብዝዟል። የድንበሩ ምልክት የተዘረዘረው ደግሞ እዚያ ገጽ ላይ ነበር። ማንንም አንወቅስም፤ የጻፈችው ልጅ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች። አማርኛው ግን ልጥፍ ነበር፤ ልጥፉ ተላቀቀ።

ቅጥያ የማይደርስበት

እሺ፣ ዛሬ ሁሉም ዩኒኮድ ሆኗል እንበል። ቅጥያው ፊደሉን አስገባ። ያስገባውን ፊደል ግን ዋናው ሶፍትዌር ያውቀዋል?

እስቲ «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ፈልጉ። የመጀመሪያውን ፊደል ሰው በስድስት መንገድ ይጽፈዋል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። «ሥ»ን በሁለት መንገድ ይጽፈዋል። ሁለቱን ቃል አንዱ ይለያያቸዋል፣ አንዱ ያጋጥማቸዋል። ስድስት ሲባዛ በሁለት፣ ሲባዛ በሁለት፦ 24። ብራውዘራችሁ ውስጥ ያለው መፈለጊያ ከነዚህ አንዱን ስትጽፉለት ሌሎቹን 23 አያመጣም። አንድ ሰውዬ ወረዳ ሄዶ «ስምህ መዝገቡ ላይ የለም» ሲባል ስሙ ላይኖር ይችላል፤ ደግሞም በ«ሐ» ተጽፎ እዚያው ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል። ፈላጊዋ በ«ሀ» ፈልጋ አጣችው፤ እሱ ከጃናሞራ ሌሊት ተነስቶ የመጣበት ቀን ተቃጠለ። ይህንን የሚጠግን የኪቦርድ ቅጥያ የለም፤ ኪቦርዱ የሚያስገባው ፊደል ነው፣ የሚፈልገው ሌላ ነው። መፈለጊያው ራሱ ሀ እና ሐ ለአማርኛ አንባቢ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ማወቅ አለበት። ያ የዋናው ሶፍትዌር ሥራ ነው።

ቀንስ? ብዙ ፎርም አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ልጅ ምን ይሞላል? «ስብሰባው ሦስት ሰዓት ነው» ብሎ ሰው ሲነግራችሁ ካሌንደራችሁ ላይ 3 ብላችሁ ከሞላችሁ ስልካችሁ የሚቀሰቅሳችሁ ወይ በሌሊት ነው ወይ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ነው።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? የእኛን አቆጣጠር የሚያሰላው ኮድ ክሮምም ፋየርፎክስም ሆድ ውስጥ አለ። አሥራ ሦስተኛዋን ወር ያውቋታል። አንድ ፕሮግራመር በአንድ መስመር ቢጠይቃቸው የዛሬን ቀን በአማርኛ ወር ይነግሩታል። ተጠቃሚው ፊት ላይ የሚያወጣው ግን የለም፤ ስለዚህ ሆዱ ውስጥ ያለውን ነገር ለማየት ከውጭ ቅጥያ እንለጥፋለን! ጎተራው ሞልቶ ከጎረቤት ጤፍ መበደር ይሏል ይሄ ነው።

በር ላይ የቆመው እንግዳ

ሌላም አለ። አንድ ቅጥያ ስትጭኑ «በምትጎበኟቸው ድረ ገጾች ሁሉ ላይ ያለውን መረጃ ማንበብና መለወጥ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ስልክ ላይ ከሌላ ሰው የመጣ ኪቦርድ ስታበሩም አንድሮይድ «የምትጽፉትን ሁሉ፣ የይለፍ ቃላችሁን ጨምሮ ሊሰበስብ ይችላል» ይላችኋል። ፈረንጁ ይህንን አይቶ «ይቅርብኝ» ማለት ይችላል። እኛስ? «ይቅርብኝ» ካልን አማርኛው ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ «እሺ» እንላለን። ማን እንደሠራው የማናውቀውን ሰው ፍቅረኛችን፣ ባንካችንና እኛ መሐል አስቀምጠን እንጽፋለን። አብዛኞቹ ሠሪዎች ቅን ሰዎች ናቸው። ግን የአንድ ሕዝብ ምሥጢር በቅንነት ግምት ላይ መቀመጥ አለበት?

ከኦገስት 2023 ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ አንድ ነገር ተማርን። የምትጽፉትን ወደ ሩቅ ሰርቨር ልኮ አማርኛ አድርጎ የሚመልስ መጻፊያ ኔትወርክ ሲጠፋ አማርኛም ይጠፋዋል። አዲስ ቅጥያ ማውረድም የለም፤ የተበላሸውን ማደስም የለም። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ጄኔሬተሩ ይሠራል፣ ጣቶቻችን ጤነኛ ናቸው፤ ፊደሉ ግን ባሕር ማዶ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶች ይህንን አይተው አልነበረም፤ ግን አይተው ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ አይሉም ነበር።

«ገበያችን ትንሽ ነው»

ይህ የተለመደው መልስ ነው። በ2007 በተደረገው ቆጠራ አማርኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ብቻ ከ21 ሚሊዮን በላይ ነበር። አይስላንድ ስንት ሰው አላት? 400 ሺህ ገደማ። ዊንዶውስ በአይስላንድኛ አለ። እንዴት? መንግሥታቸው በ1990ዎቹ መጨረሻ ማይክሮሶፍትን ወጥሮ ያዘ፤ «ዊንዶውስ 98ን በቋንቋችን አምጡ፣ እኛ ደግሞ የተሰረቀ ኮፒ እንከላከላለን» ብሎ ተስማማ። ገበያ እጅና እግር የለውም፤ የሚጠይቅ ሰው ነው እጅና እግሩ።

እኛ ማን ጠየቀልን? አማርኛ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ነው። መስሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ሲገዙ በጨረታው ላይ ራም ይጽፋሉ፣ ፕሮሰሰር ይጽፋሉ፤ «በአማርኛ ይፈልግ፣ በአማርኛ ቀን ይቁጠር» የሚል መስፈርት ግን ስንቶቹ ላይ አያችሁ? በየዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ተማሪዎች የአማርኛ ፊደል ማረሚያ፣ የአማርኛ መፈለጊያ፣ የአማርኛ ካሌንደር ለመመረቂያ ይሠራሉ። ጎበዝ ልጆች ናቸው። ኤ ያገኛሉ፣ ጋውን ይለብሳሉ፣ ሥራው ሲዲ ላይ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይተኛል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ያንኑ ከዜሮ ይጀምራል። ኤክስቴንሽን ላይ ኤክስቴንሽን።

እኛስ? እኛም አለንበት። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር እየተጠቀምን «ኩባንያው ለምን አያስበንም» እንላለን። ሚስጥር የሆነ ፍቅር በላቲን ፊደል እንጽፋለን። አራት ነጥብ ለማስገባት ሰነፈን ሁለት ሁለት ነጥብ ደርበን «ይኸው» እንላለን። ኮምፒውተሩ ያንን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ብሎ አያውቀውም፤ እኛም ግድ የለንም።

የግቢው ትምህርት

አንዳንዶች «ታዲያ ምን ይደረግ፣ ሁሉም ነገር አንድ ትልቅ ጥቅል ይሁን?» ብለው ጠይቀውናል። አይደለም። የኛ ከተማ መልሱን ድንጋይ አድርጋ አስቀምጣዋለች። ዐፄ ፋሲል በ1630ዎቹ ከተማዋን ቆርቁረው ግንባቸውን አሠሩ። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ጨመሩ። ታላቁ ኢያሱ ሌላ ግንብ፣ በካፋ ሌላ፣ እቴጌ ምንትዋብ ሌላ ጨመሩ። ሁሉም ጭማሪ ነው፤ ቅጥያ በሉት። ግን እነዚህ ጭማሪዎች ከአጥሩ ውጭ የተተከሉ ድንኳኖች አልነበሩም። ጭማሪው በአንዱ ግቢ፣ በአንዱ አጥር ውስጥ ገባ። ስለዚህ አንዱ ሲያልፍ የሌላው አልተነቀለም።

ይህ በሶፍትዌርም ሆኗል። ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ካሌንደር አልነበረውም፤ ላይትኒንግ የሚባል ቅጥያ ነበር የሚሰጠው። ሰው ሁሉ እንደሚያስፈልገው ሲታይ ከ2015 ጀምሮ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ መምጣት ጀመረ፤ በኋላም የፕሮግራሙ አካል ሆነ። ቅጥያ ማለት እንዲህ ነው፦ መሞከሪያ። ሞክሮ፣ ታይቶ፣ ወደ ውስጥ የሚገባ። የእኛው ግን ሠላሳና አርባ ዓመት በር ላይ ቆሞ «ግባ» የሚለው አጣ።

ስለዚህ የምንለው ይህንን ነው። የኮምፒውተር ተማሪዎች፦ አዲስ ቅጥያ ከመሥራታችሁ በፊት ሥራችሁን ወደ ዋናው ፕሮጀክት ላኩ። ሞዚላም፣ ሊብሬኦፊስም፣ የዩኒኮድ የቋንቋ መረጃ ማኅደርም በራቸው ለፈቃደኛ ክፍት ነው፤ ደብዳቤ አይጠይቁም፣ ማኅተም አይጠይቁም። መምህራን፦ የመመረቂያ ሥራ ወደ መደርደሪያ ከሄደ ግማሽ ማርክ፣ ወደ ዋናው ሶፍትዌር ከገባ ሙሉ ማርክ ስጡ። ገንዘብ የያዛችሁ መስሪያ ቤቶች፦ ጨረታችሁ ላይ ሀ እና ሐን አንድ አድርጎ የማይፈልግ መዝገብ አትግዙ። የጽሕፈት ቤት ልጆች፦ በድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል ካላችሁ ፎንቱ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፤ የሰው መሬት እዚያ ውስጥ አለ።

እኛ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አራት ነጥብን በአራት ነጥብነቱ ልንጽፍ ቃል ገብተናል። ትንሽ ነገር ናት። ከአንድ ቦታ ግን መጀመር አለበት።

አባትየው ማመልከቻቸውን አስቀድተው እንደገና አስጽፈዋል። በዩኒኮድ። ልጅየው ሲዲውን ሊጥል ሲል ከለከሉት። «ተወው» አሉ፣ «አንድ ቀን የሚያነበው ይመጣ ይሆናል።»

እኛ አንጠብቅም። ቸር ሰንብቱ።